መጀመሪያ የጾሙ ድስት ይጣድ

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይጠፋል።)

  

የዛሬው ጉዳያችን ምግብ ቤት መክፈት ነው። ደብረ ታቦር ላይ ሊሆን ይችላል፣ ነፋስ መውጫም፣ እስቴም፣ አዲስ ዘመንም። ከዐረብ አገር የተመለሰች እህት ትንሽ ጥሪት ስትይዝ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ የጠፋበት ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ሲመክር፣ ጡረታ የወጣ ሰው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ሲሰለቸው፣ መጀመሪያ ወደ ሐሳብ የሚመጣው ሥራ ይኸው ነው። ሰው ምንጊዜም ይበላል ይባላል። እውነት ነው፣ ይበላል። ምን እንደሚበላና መቼ እንደሚበላ ግን የሚወስነው ባለ ምግብ ቤቱ አይደለም።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ምግብ ቤታችሁ ዛሬ ተከፍቷል እንበልና፣ ነገ ጠዋት ምን ትጥዳላችሁ? «ጥብስ» ብሎ የመለሰ ካለ፣ ነገ ረቡዕ መሆኑን ዘንግቷል።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ቤት ተከራይቶ፣ ወንበር ገዝቶ፣ ግድግዳ ቀብቶ፣ የሜኑ ሰሌዳውን በጥብስና በክትፎ ሞልቶ የከፈተ፣ ሁዳዴ ሲገባ ግን ባዶ ወንበር ታቅፎ የሚቀመጥ ሰው በየከተማችን አለ። ሥጋ ቤት በሁዳዴ ቢዘጋ ይገባናል፤ የሙያው ጠባይ ነው፣ ባለቤቱም አስቀድሞ አስቦበታል። ምግብ ቤት ግን ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ሳይሸጥ ኪራይና ደመወዝ ከየት አምጥቶ ይከፍላል?

እስቲ አብረን እንቁጠር። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባና እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ነነዌ 3 ቀን። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15። የሐዋርያት ጾም ፋሲካ ቀደም ባለበት ዓመት ይረዝማል፣ በዘገየበት ያጥራል። ከእነዚህ የተረፈውን ረቡዕና ዓርብ ደምሩበት። በዓመት ከ180 ቀን ያልፋል፤ የዓመቱ ግማሽ ማለት ነው። በእኛ አገር ደግሞ ጾም በቀን መቁጠሪያ ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ገበያ ብትወጡ ታዩታላችሁ፤ ቅቤውና እንቁላሉ ፈላጊ ያጣል፣ ምስሩና ዘይቱ ይወደዳል።

በአንጻሩ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ለሥጋ ምግብ ከዓመቱ ሁሉ የሚሻለው ወቅት ያ ነው። ጥብስ ቤት ካልሆነ አልከፍትም ያለ ሰው ምረቃውን በዳግም ትንሣኤ ሰሞን ቢያደርገው ስሙን የሚተክልበት በቂ ጊዜ ያገኛል። በጥር መጨረሻ ቢከፍት ግን ሰው ቤቱን ገና ሳይለምደው ሁዳዴ ይገባበታል። ሁለቱም ሰዎች አንድ ዓይነት ገንዘብ፣ አንድ ዓይነት ወጥ ቤት ሊኖራቸው ይችላል። የከፈቱበት ወር ብቻ ይለያቸዋል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ከተሞቻችን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ናቸው። በአገራችን ልማድ አንዱ ሌላው ያረደውን ሥጋ አይበላም። አንድ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን ሲሠሩ የዋሉ ሁለት ባልንጀሮች ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሥጋ ካማራቸው በየፊናቸው ይሄዳሉ። ያማራቸው ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች ከሆነ ግን አንድ ትሪ ይበቃቸዋል። ስለዚህ የጾም ምግብ የጾመኛ ብቻ አይደለም። ከተማው በሙሉ አብሮ ሊቀመጥበት የሚችለው ማዕድ እሱ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ምግብ ቤት የከፈቱ ወገኖቻችንም ይህን ያውቁታል፤ እዚያ የጾም በያይነቱ ሥጋ የማይበላውን ፈረንጅ ሁሉ የሚጠራ ምግብ ሆኗል።

የእኔ ምክር እንግዲህ ይህ ነው። ጥብሱን ተዉት አልልም፤ መጀመሪያ የጾሙን ድስት ጣዱ። ሰው «የእነ እገሌ ሽሮ» ብሎ ቤታችሁን በስም ይወቀው፤ ፍስኩ ከዚያ በኋላ ይጨመርበታል። የጾሙንና የፍስኩን ድስት፣ ጭልፋና መክተፊያ ደግሞ ለዩ። አንድ ቀን ሽሮው ውስጥ የቅቤ ሽታ ያገኘ ጾመኛ ዳግመኛ አይመጣም፤ ለሌላውም ሳይናገር አይቀርም።

የደብረ ታቦር ከተማን በዓል ራሱን ተመልከቱ። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፣ ደብረ ታቦር በስሟ የምትከብርበት ቀን። እንግዳ ይመጣል፣ ጅራፍ ይጮኻል፣ ልጆች በየደጁ ይጨፍራሉ። ቀኑ ግን ፍልሰታ ውስጥ ነው። ከተማዋ በሰው በምትሞላበት በዚያ ቀን በግ አርዶ የሚጠብቅ ምግብ ቤት አይቀናውም። ሙልሙል ጋግሮ፣ ሻይ አፍልቶ፣ ትኩስ በያይነቱ ይዞ የሚጠብቅ ግን ባዶ እጁን አይቀርም።

(አጭር ሙዚቃ።)

አሁን ወደ ማድቤት እንግባ። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ብርዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ይህ ከፍታ ግን ድስታችን ውስጥም ገብቶ ሥራ ይሠራል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃውም ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ባሕር ዳር ላይ 94 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፣ ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ 91። ጉና ተራራ ጥግ የሚኖር ሰው ከዚህም ባነሰ ያፈላል።

ይህ ማለት ምንድን ነው? ድስቱ ሲንተከተክ እናየዋለን፤ ሙቀቱ ግን የቆላውን ያህል አይደለም። እሳት ብንጨምርበት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከ91 ዲግሪ አያልፍም። ባቄላው፣ ሽምብራው፣ አተር ክኩ፣ የበግ ቅቅሉ እሺ የማይለው በዚህ ምክንያት ነው። ቆላ ላይ የለመደ ወጥ ሠሪ ወደ ደጋ ወጥቶ እህሉን ቢወቅስ አትፍረዱበት።

ቤት ውስጥ ቢዘገይ ግድ የለም። ምግብ ቤት ውስጥ ግን መዘግየት ማገዶ ነው፣ ማገዶም ገንዘብ ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ጥራጥሬውን ከምሽት ጀምሮ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉና በአዲስ ውሃ ቀቅሉት። ክዳኑ የሚቆለፈውን፣ በተለምዶ ፕሬዠር የምንለውን ድስት ግዙ፤ እንፋሎቱ ታፍኖ ሲጫነው የውሃው ሙቀት ከ100 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን የባቄላ መብሰያ ጊዜ በጣም ያሳጥረዋል። ለአዲስ ምግብ ቤት ከቴሌቪዥን በፊት መገዛት ያለበት እሱ ነው። ጭስ በሞላበት ማድቤት የምትሠራውን ሴት ዓይንም ያተርፋል።

ሽሮ እዚህ አገር ለምን እንደነገሠ ከዚህ ተነሥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። እህሉ አስቀድሞ ተቆልቷል፣ ተፈጭቷል፤ ከባዱ ሥራ ድስቱ ዘንድ ከመድረሱ በፊት አልቋል። ደንበኛ ከተቀመጠ በኋላ ቢጣድ እንኳ እያንተከተከ በሸክላው ይቀርብለታል። በብርድ አገር ደግሞ ፊት ለፊቱ የሚንተከተክ ምግብ የሚጠላ ሰው አላየሁም።

እንጀራውስ? ብርዱ እዚህም እጁን ያስገባል። በቆላ በሁለት ቀን የሚደርስ ሊጥ ደብረ ታቦር ላይ፣ በተለይ በክረምትና በኅዳር ታኅሣሥ ውርጭ፣ ሦስትና ከዚያም በላይ ቀን ሊፈልግ ይችላል። ያልደረሰ ሊጥ ዓይን አያወጣም፤ ምጣድ ላይ ይለጠፋል፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ቡሃቃውን ምድጃው አጠገብ አድርጉ፣ ጨርቅ አልብሱት፣ እርሾውን ለብ ባለ ውሃ በጥብጡ፣ አብሲቱንም አትሰስቱ። ከሁሉ በላይ ሊጡን በየተራ አቡኩ፤ የዛሬው፣ የነገው፣ የከነገ ወዲያው እየተባለ በተለያየ ዕቃ። አንዱ አልደርስ ቢል ሌላው ይቀድማል። በከተማው እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናቶች ስላሉ ከሁለት ቤት ጋር መዋዋል ደግሞ ሌላው አማራጭ ነው። ከአንድ ቤት ጋር ብቻ የተዋዋለ፣ መብራት የጠፋ ዕለት ምሳውን ያለ እንጀራ ያሳልፋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላችሁም ብትሆኑ ምርጥ ምድጃ የሚባለውን፣ እንጨትን በግማሽ ገደማ የሚቆጥበውን፣ በጓሮ አዘጋጅታችሁ አስቀምጡ።

የጤፍ ዋጋ አላስጠጋ ሲል የፎገራን ሩዝ አስቡ። ሩዝ ወደ ፎገራ ሜዳ የገባው የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በነበሩበት ዘመን ነው። ዛሬ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ ሩዝን ከጤፍ ቀላቅሎ መጋገር ደግሞ ለፎገራ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እንጀራው ነጭ ይሆናል፣ ሲያድር ግን ይደርቃል። ስለዚህ የዕለቱን ለዕለቱ ነው። ደግሞም አትደብቁ። ድብልቅ ከሆነ ድብልቅ ነው በሉ፣ ዋጋውንም እንደዚያው አድርጉት። እዚህ አገር እንጀራን በጣቱ ነክቶ የማያውቅ ደንበኛ የለም።

ከጓሯችን ያለውንም እንይ። ድንች ከፋርጣና ከጋይንት፣ ሽንኩርት በመስኖ ከሚለማበት ከፎገራና ከሊቦ ከምከም፣ ገብስና ባቄላ ከጉና ሥር፣ በጉ የራሳችን የፋርጣ በግ። ቀይ ሽንኩርት ሲደርስ በርካሽ ይገኛል፤ ወቅቱ ሲያልፍ እጅ ያቃጥላል። በርካሹ ጊዜ ገዝቶ፣ በሚነፍስ ደረቅ ቦታ ቆጥ ላይ ዘርግቶ ማቆየት ወይም ቁሌቱን በብዛት ማብሰል ትርፍ ነው። ድንቹን ግን ከብርሃን አርቁት። አረንጓዴ የሆነውንና ያቆጠቆጠውን አታብስሉ፤ ይመራል፣ ያሳምማልም።

(አጭር ሙዚቃ።)

ምግብን መሸጥ ራሱ በአገራችን የቆየ ነገር አይደለም። አጤ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር ላይ ሲቀመጡ፣ ጋፋት ላይ መድፍ ሲያስቀርጹ፣ ሠራዊቱና እንግዳው በግብር ይበላ ነበር። ምግብ ይሰጣል እንጂ አይሸጥም። እንጀራ መሸጥ ነውር ነበር። የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል አዲስ አበባ ላይ በእቴጌ ጣይቱ ሲከፈት፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ መብላቱን አልለመደም ነበር። አጤ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው እየሄዱ፣ መጀመሪያ እየጋበዙ፣ ኋላ እንዲከፍሉ እያደረጉ እንዳስለመዷቸው ይነገራል። ንጉሠ ነገሥት አስተዋዋቂ ያገኘ ምግብ ቤት ከዚያ ወዲህ የተከፈተ አይመስለኝም።

ደጋው ላይ ግን ከሆቴሉ የሚቀድም ሥራ አለ፤ ጠላ ቤት። ደጃፍ ላይ እንጨት ይተከላል፣ ጫፉ ላይ ጣሳ ይደፋል፣ አለቀ፤ ማስታወቂያው ያ ነው። ባለቤቲቱ በራሷ ቤት ፊተኛ ክፍል ትጀምራለች። ኪራይ የለባትም። አንድ ነገር ብቻ ትሸጣለች፤ ያን አንድ ነገር ግን ጌሾውን፣ ብቅሉን፣ እንኩሮውን ታውቀዋለች። ጠላው የሚያልቅበትን ሰዓት አይታ የሚቀጥለውን ጥንስስ መጠን ትወስናለች። ባንክ ቤት የቢዝነስ ፕላን ጻፉ ሲባል የሚጨነቁ ወጣቶች ጠላ ቤት ሄደው ለአንድ ከሰዓት ባለቤቲቱን ቢያዩ እመክራለሁ። ብዙ ሳይጠጡ ነው ታዲያ!

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። እርሳስ ያላችሁ ያዙ። የምጠራው ቁጥር ለምሳሌ ያህል ነው፤ እናንተ በራሳችሁ ገበያ ዋጋ ትተኩታላችሁ። በወር ብትሸጡም ባትሸጡም የሚከፈለውን አስቀድሙ። የቤት ኪራይ 9,000 ብር፣ ለወጥ ሠሪና ለአስተናጋጅ 15,000፣ መብራት፣ ውሃና ሳሙና 3,000፣ ለሚሰበርና ለሚያረጅ ዕቃ 3,000። ድምሩ 30,000 ነው። ቀጥሎ አንድ ሳህን በያይነቱ ያዙ። እንጀራው፣ ሽሮው፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ማገዶው ተደምሮ 70 ብር ወጣበት እንበል፤ መሸጫው 120። ከአንዱ ሳህን 50 ብር ይተርፋል። 30,000 ለ50 ሲካፈል 600 ሳህን፤ በወር 30 ቀን ከሠራችሁ በቀን 20 ሳህን ማለት ነው። እስከ ሃያኛው ሳህን ድረስ የምትሠሩት ለአከራዩ፣ ለሠራተኛውና ለመብራት ነው። የእናንተ እንጀራ የሚጀምረው ከ21ኛው ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት የራሳቸውን ደመወዝ ነው። ባልና ሚስት ከንጋት እስከ ማታ ሠርተው ደመወዛቸውን ሳይቆጥሩ «አትርፈናል» ይላሉ። ሌላው ደግሞ ሚዛን ነው። ወጥ ሠሪዋ ዘይት በዓይኗ ግምት ካፈሰሰች ዛሬ 70 ብር ያወጣው ሳህን ነገ 80 ያወጣል፤ ከ50 ብር ትርፋችሁ ላይ 10 ብር ሳታዩት ሄደ። አንድ ጭልፋ፣ አንድ ኩባያ መርጣችሁ ልኩን ወስኑ። በዚያው ልክ ይቀዳ።

ቦታ መምረጥ ላይ ረጅም አልናገርም፤ ማን እንደሚበላ ካወቃችሁ ቦታው ራሱ ይመጣል። የመንግሥት ሠራተኛው ምሳውን ከቢሮው ርቆ አይሄድም፤ ደመወዝ ሳይደርስ በፊት ደግሞ ዱቤ ይጠይቃል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ በተለይ በግቢው ካፌ የማይመገበው፣ «ኖን ካፌ» የሚባለው፣ በወር ኮንትራት መብላት ይወዳል፤ ግን ለዕረፍት ሲሄድ ከነኮንትራቱ ይሄዳል። ገበያተኛው ገበሬ ቶሎ የሚደርስ፣ ሆድ የሚይዝ ነገር ይፈልጋል። መንገደኛው ደግሞ የሚበላው መኪናው በቆመበት ነው። የቻይና መሐንዲሶች የሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድ በዚህ ደጋ ላይ ያሉትን የምሳ መብያ ከተሞች ሁሉ እንደ ዶቃ ሰክቷቸዋል። መኪናው የት እንደሚቆም የሚወስነው ተሳፋሪው አይደለም፤ ሾፌሩና ረዳቱ ናቸው። ለሁለቱ በነፃ የሚያበላ ቤት 40 ተሳፋሪ ያገኛል፤ የቆየ ልማድ ነው፣ ሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡት። ግን በመንገደኛ ብቻ አትቁሙ። መንገድ የተዘጋበትን ጊዜ ባለፉት ዓመታት ሁላችንም አይተናል። የዚያን ቀን የሚበላላችሁ የሰፈራችሁ ሰው ነው።

ኪራዩን የማይችል ሰው ምን ያድርግ? ተንቀሳቃሽ ምግብ ቤት የሚባለው ነገር የመጣው ለእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሎስ አንጀለስ ላይ፣ የዓለም ኢኮኖሚ በተንኮታኮተበት ዓመት፣ ሮይ ቾይ የሚባል ትውልደ ኮሪያ ምግብ አብሳይ ከጓደኞቹ ጋር የኮሪያን ጥብስ በሜክሲኮ ቂጣ እየጠቀለለ ከመኪና ላይ መሸጥ ጀመረ። ኮጊ ይሉታል። ዛሬ የት እንደሚቆሙ በኢንተርኔት ያስታውቃሉ፤ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። ቤት ተከራይቶ ሰው ከመጠበቅ ሰው ወዳለበት መሄድ ነው ነገሩ።

ደብረ ታቦር ላይ የጭነት መኪና ግዙ አልልም። ባለ ሦስት እግሩ የጭነት ባጃጅ፣ ያም ካልሆነ በእጅ የሚገፋ ጋሪ ይበቃል። ምን ይጫንበት? በዚህ ብርድ፣ በዚህ የድንች አገር፣ እኔ ብሆን ትኩስ ቅቅል ድንች በአዋዜ፣ ባቄላ ንፍሮና የዝንጅብል ሻይ እጭን ነበር። ጠዋት መናኸሪያ፣ ከሰዓት ትምህርት ቤት አካባቢ፣ በገበያ ቀን ገበያ ጥግ። ሦስቱም ምግቦች ለጾመኛም ለማይጾምም ይሆናሉ፣ ሰሐን አይፈልጉም፣ ቢተርፉም ኪሳራቸው ትንሽ ነው። ሁለት ጀሪካን ውሃ ግን አይቅር፤ አንዱ ለእጅ መታጠቢያ፣ አንዱ ለዕቃ። ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች ፍሬኑን ሳታዩ የፈላ ድስት አትጫኑ። ቦታውንም ከማዘጋጃ ቤቱ ሳታስፈቅዱ አትቁሙ፤ ጋሪው ሲወረስ ድንቹም አብሮ ይሄዳል።

ወረቀቱ ላይ አንድ ሁለት ነገር። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 እንደሚለው ሳይመዘገቡና ፈቃድ ሳያወጡ መነገድ አይቻልም። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ታወጣላችሁ፣ ቤቱ ታይቶ የብቃት ማረጋገጫ ይሰጣችኋል፣ ምግብ የሚነኩ ሠራተኞች የጤና ምርመራ ያደርጋሉ። ኪራይ ውል ከመፈረማችሁ በፊት መርማሪዎቹ ምን እንደሚያዩ ጠይቁ። መጸዳጃ ቤትና የፍሳሽ መውረጃ የሌለው ቤት ኪራዩ ቢረክስም አይጠቅማችሁም። የትኛው የግብር ከፋይ ደረጃ ውስጥ እንደምትገቡም ዋጋ ከመለጠፋችሁ በፊት እወቁ፤ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ኋላ ሲመጣ ደንበኛ ዋጋ ጨመሩ ይላል። ብድር ከፈለጋችሁ የድሮው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ)፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ አለ። ዕቁብም አለ፤ ዕቁብን ግን ለዕቃ መግዣ አድርጉት እንጂ ለዕለት ሽንኩርት አትጠብቁት።

ስለ ንጽሕና ብዙ ትምህርት ሰምታችኋል፤ እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። በብርድ አገር ሰው እጁን በደንብ የማይታጠበው ንጽሕና ጠልቶ አይደለም፤ የውሃው ቅዝቃዜ ስለሚያቃጥለው ነው። የምድጃው ጥግ ላይ ሁልጊዜ አንድ ማሰሮ ውሃ ይሙቅ። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጁን የታጠበ ደንበኛ ገና ሳይበላ ተደስቷል፤ ለእናንተ የወጣው ግን ምንም አይደለም። ያደረ ወጥ ደግሞ ሳይፈላ አይቅረብ። «አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ አይበላሽም» የሚለውን እርሱት፤ ከምድጃ አጠገብ ያደረ ድስት ቀዝቃዛ አይደለም።

ዱቤን አንስቼ ነበር። ዱቤ አትስጡ ማለት ቀላል ነው፤ በትንሽ ከተማ ግን አይቻልም። የሚቻለው ወሰን ማድረግ ነው። በደብተር ይጻፍ፣ ደንበኛው ራሱ ይፈርም፣ ለአንድ ሰው ከዚህ ብር አይለፍ ይባል፣ ደመወዝ በገባ ሳምንት ይዘጋ። የዱቤው ድምር ከአንድ ሳምንት የገበያ ወጪያችሁ ከበለጠ ምግብ ቤት መሆናችሁ ቀርቶ አበዳሪ ሆናችኋል። ከዱቤ የሚከፋው ግን ዘመድ ነው። አጎት ይመጣሉ፣ ከገጠር ይመጣሉ፣ «አንቺ ልጅ፣ እንደው የምታቀምሽኝ ነገር አለ?» ይላሉ፤ ባህላችን እንቢ አይልም፣ እኔም እንቢ በሉ አልልም። ከራሳችሁ ደመወዝ ከፍላችሁ ጋብዟቸው። የአጎት ምሳ በደብተሩ ላይ የእናንተ ወጪ ሆኖ ይጻፍ እንጂ ከምግብ ቤቱ ድስት ዝም ብሎ አይጥፋ።

እና ከምንም በፊት፣ ገና ቤት ሳትከራዩ፣ ሁለት ሳምንት ሞክሩ። አንዱ ሳምንት በጾም፣ አንዱ በፍስክ ይሁን። በቤታችሁ አብስላችሁ ለሁለት ሦስት ቢሮ ምሳ በሰሐን አድርሱ። ስንት ወጣ፣ ስንት ተበላ፣ የትኛው ወጥ ተርፎ ተመለሰ፣ የቱን ጠርገው በሉት፣ በየማታው ጻፉ። ተርፎ ለተመለሰው ወጥ አትዘኑ፤ ሜኑ ላይ አትጻፉት፣ በቃ። ከሰሐኖቹ ውስጥ ጥርግ ተደርጎ የተመለሰውን ይዛችሁ ቤት ፈልጉ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ከእንጀራ አቅራቢዎች ጋር ስለሚደረግ ውል እንነጋገራለን፤ በተለይ የጤፍ ዋጋ በመሀል ሲጨምር ጭማሪውን ማን ይሸከማል የሚለውን። ውል አድርጋችሁ የምታውቁ እናቶች ካላችሁ ያጋጠማችሁን ጻፉልን። እስከዚያው ደህና ሁኑ።

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ።)